ከጉጌ ቀርከሃ እስከ አርባ ምንጭ ቱቦ ማጠፊያ

አርባ ምንጭ ውስጥ የባጃጅ ሸራ መወጠሪያ፣ የፒክአፕ ፖርቶመጋላ ወይም የአይሱዙ ካሶኒ ላይ የሚቆም ቅስት በግቢው ሊሠራ የተነሳ ሰው ቱቦ ማጠፊያ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ጉልበት ነው። ክሪኩ ስንት ቶን ይገፋል? ሻጩም በቶን ይመልሳል፤ 12፣ 16፣ ከዚያም በላይ። ዋጋውም በዚያው ልክ ይወጣል። ጥያቄው ግን ከሥሩ የተጣመመ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ክብ ብረት ሲታጠፍ የሚበላሸው ገፊው ስለደከመ አይደለም፤ ደክሞ ቢሆንማ ጨርሶ አይታጠፍም ነበር። የሚበላሸው በሚታጠፍበት ቅጽበት ጎኑን የሚይዝለት ስላጣ ነው። በጋሞ ምድር ይህ አዲስ ዕውቀት አይደለም። ኩልፎ ከሚወርድበት የጉጌ ደጋ ጀምሮ ወንዙ ጫሞ ሐይቅ እስከሚገባበት ቆላ ድረስ ማጉበጥን ሙያቸው ያደረጉ ሰዎች ኖረዋል፤ የእነሱን ታሪክ የተከታተለ ሰው ገንዘቡን ከማጠፊያው የትኛው ክፍል ላይ ማዋል እንዳለበት ይገባዋል።

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው መንገድ፣ ወደ 2,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ፣ የዶርዜ መንደሮች አሉ። ሌላው ኢትዮጵያዊ ዶርዜን የሚያውቀው በሽመና ነው፤ አዲስ አበባ ላይ ሽሮ ሜዳ ሲነሳ እነሱ አብረው ይነሳሉ። በእኔ ግምት ግን ከጋቢው ይልቅ ቤቱ ይበልጣል። የዶርዜ ቤት መሐሉ ላይ የሚቆም ምሰሶ የለውም። ቀርከሃ በክብ ይተከላል፤ ተሰንጥቆ የቀጠነ ቀርከሃ ደግሞ ዙሪያውን እየተጠለፈ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከላይ በቀርከሃ ቅርፊትና በእንሰት ቅጠል ይለብሳል። አዲስ ሲሆን እስከ 12 ሜትር የሚቆም ነበር ይባላል። ምስጥ ከሥር ሲበላው ከታች ይቆረጥና ያጥራል፤ እንዲያም እያለ ለአሥርት ዓመታት ይኖራል፣ ሲያስፈልግም ተነቅሎ በሰው ትከሻ ወደ ሌላ ቦታ ይሄዳል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ግድግዳውና ጣሪያው አንድ ጉብጠት ስለሆኑ ነው። ጉብጠቱ ደግሞ በትግል የመጣ አይደለም። ወፍራሙ የቀርከሃ ግንድ ሥሩ ላይ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ ወደ ውስጥ የሚያዘነብለው እየቀጠነ የሚሄደው ጫፍ ነው፤ በየደረጃው የሚጠለፈው ቀለበትም ያዘነበለውን በያዘው ቅርጽ ላይ ያስቀረዋል። ያለ ቀለበቱ ጫፉ ተመልሶ ይቃና ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ ቢቃወም ትክክል ነው። ቀርከሃና ብረት አንድ አይደሉም፤ ደግሞም ሠሪው ቀርከሃውን ሰንጥቆ ነው የሚጠልፈው፣ የተሰነጠቀ ነገር ደግሞ ቱቦ መሆኑ ይቀራል። ልክ ነው፤ ነገር ግን የሚሰነጥቅበት ምክንያት ራሱ የክርክሬ ማስረጃ ነው። ውስጡ ባዶ የሆነ ነገር በአጭር ራዲየስ ሲጎብጥ የውጭ ጎኑ ይለጠጣል፣ የውስጥ ጎኑ ይጨመቃል፤ ሁለቱም ወደ መሐል ይገፉና ክቡ ይጨፈለቃል። ቀጭን ስንጣቂ ግን በውጭና በውስጥ ጎኑ መካከል ያለው ርቀት ትንሽ ስለሆነ ሳይጎዳ ይታጠፋል። ሳይሰነጠቅ የሚቀረው ቀርከሃም ቢሆን ተፈጥሮ በየአንጓው ግድግዳ ሠርታለታለች፤ ክቡ እንዳይጨፈለቅ ከውስጥ የሚይዘው እሱ ነው። የደጋው ሰው የሒሳብ ቀመር ሳይጽፍ የደረሰበት ነጥብ ይህ ነው፤ ክፍት የሆነውን ነገር ወይ ከፋፍለህ አጉብጠው፣ ወይ ከውስጥ ደግፈው።

ሁለተኛው ምስክር አንጥረኛው ነው። ጋሞ ውስጥ ብረት ቀጥቃጩ ከደጋላ ወገን ይቆጠር ነበር፤ ከማላው፣ ማለትም ከገበሬው ወገን፣ ጋር አይጋባም፣ በጉባኤውም እኩል አይቀመጥም ነበር። ዲና ፍሪማንና አሉላ ፓንክኸርስት በ2003 እ.ኤ.አ. ያዘጋጁት፣ በኢትዮጵያ የተገፉ የዕደ ጥበብ ሰዎችን የሚመለከተው መጽሐፍ ይህን መገፋት ከየአካባቢው ሰብስቦ አሳይቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ በወረቀት ደረጃ ብዙ ነገር ቢቀይርም ንቀቱ በአዋጅ አልጠፋም። የተናቀው ሰው እጅ ላይ የነበረው ዕውቀት ግን የሚናቅ አልነበረም። የጦር ጫፍ እንጨቱ የሚገባበት ጎድጓዳ አንገት አለው። አንጥረኛው ያንን አንገት የሚያወጣው ጠፍጣፋ ብረት በከሰል እሳት አግሎ፣ ወናፉ እየተነፋ፣ በጉጠት ይዞ፣ ሾጠጥ ባለ ብረት ላይ እየጠቀለለ ነው። ይህ በሙሉ ትርጉሙ ቱቦ መሥራት ነው፤ መዶሻው ቀላል ቢሆን ከባድ፣ ክቡ የሚመጣው ውስጡ ከገባው ብረት ነው።

በኋላ የመጣው ብየዳ ቤት ይህን ልማድ በከፊል ወርሷል፣ በከፊል ጥሏል። የወረሰው ከውስጥ መደገፍን ነው፤ በብረቱ ፈንታ ግን አሸዋ ገባ። ቱቦ ውስጥ ደረቅ አሸዋ ጠቅጥቆ፣ ሁለቱን ጫፍ በእንጨት ወትፎ፣ የሚታጠፈውን ቦታ አግሎ ማጉበጥ በዓለም ሁሉ የታወቀ የድሃ ጋራዥ ዘዴ ነው፤ አሸዋው የቀርከሃውን አንጓ ሥራ ይሠራል። ርጥበት ካለው ግን እንፋሎት ይሆንና ውታፉን እንደ ጥይት ያስፈነጥራል። ቱቦው የውሃ ከሆነ ሌላም አደጋ አለ፤ የተለበጠበት ዚንክ ከ900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ትንሽ አልፎ ይፈላል፣ ጢሱን የሳበ ሰው ማታውን ትኩሳትና ብርድ ብርድ ሲለው ያድራል። የጣለው ደግሞ ዋናውን ሐሳብ ነው፤ ቅርጹን ከሥራው በፊት ማዘጋጀትን። ለዚህ አንዱ ምክንያት ማኅበራዊ ይመስለኛል። አንጥረኛው ሙያውን ለልጁ እንጂ ለሌላ ወገን አያስተላልፍም ነበር፤ ወደ ከተማ ወርዶ ጋራዥ የከፈተውም ብዙው የእሱ ልጅ አልነበረም።

ነገሩ የጋሞ ብቻ እንዳልሆነ ለማየት ቪየናን መጥቀስ ይበቃል። ሚካኤል ቶኔት በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንጨት በእንፋሎት እያለሰለሰ ወንበር ሲሠራ ጣውላው ከውጭ ጎኑ እየተሰነጠቀ አስቸግሮት ነበር። መፍትሔው ከውጭ ጎን የብረት ጠፍር አስሮ አብሮ ማጉበጥ ሆነ፤ ጠፍሩ መለጠጡን ተሸከመ፣ እንጨቱ ተጨመቀ እንጂ አልተቀደደም። በ1859 እ.ኤ.አ. የወጣው ቁጥር 14 ወንበሩ ከዚህ የተገኘ ነው። በ1925 እ.ኤ.አ. ማርሴል ብሮየር በጀርመኑ ባውሃውስ ትምህርት ቤት ከብረት ቱቦ ወንበር ሲሠራ ደግሞ የማነስማን ወንድማማቾች በ1880ዎቹ የፈለሰፉት ስፌት አልባ ቱቦ ገበያ ላይ ነበር። ቶኔትም ብሮየርም የሚታወቁት በጉብጠታቸው ነው፤ የተጠቀሙበትን የመጭመቂያ ኃይል የሚያስታውስ የለም።

ወደ ቆላው እንመለስ። አርባ ምንጭ የጋሞ ጎፋን መዲናነት ከጨንቻ የተረከበችው በ1950ዎቹ ዓ.ም. ነው። ስሟንም ውሃዋንም ያገኘችው ከጫካው ምንጮች ነው፤ በ1979 ዓ.ም. የተከፈተው የውሃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ የሆነው፣ እዚህ መተከሉ ያለ ምክንያት አይደለም። እንዲህ ባለ ከተማ በብዛት የሚገኘው የመጀመሪያው ክብ ብረት የውሃ ቱቦ ነው ብሎ መገመት ከእውነት አያርቅም። ከቱቦው ጋር የቧንቧ ሠራተኛው ማጠፊያ ይመጣል፤ ሁለት ማረፊያ፣ መሐል ላይ የሚገፋ ክሪክ፣ ጫፉ ላይ የሚሰካ ግማሽ ክብ ፎርማ። መኪና ላይ የሚሠራው ሰው ያንኑ ዕቃ ተዋሰ። መዋሱ በራሱ ጥፋት አልነበረም። ጥፋቱ የመጣው ብረቱ ሲቀየር ነው።

የተቀየረውን ነገር ቀረብ ብሎ ማየት ያሻል። የውሃ ቱቦ ስሙና መጠኑ አይገናኙም። አንድ ተኩል ኢንች የሚባለው የውሃ ቱቦ የውጭ ስፋቱ 48.3 ሚሊ ሜትር ነው። ለመኪናና ለወንበር የሚሠራው ቀጭን ክብ ቱቦላሬ ግን በውጭ ስፋቱ ይጠራል፤ አንድ ተኩል ኢንች ከተባለ 38.1 ሚሊ ሜትር ነው። ማጠፊያው ላይ ያለው ፎርማ አንድ ተኩል የሚለው የውሃውን ነው። ቱቦላሬው እዚያ ጎድጓዳ ውስጥ ሲቀመጥ በድምሩ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ክፍተት ይተርፋል፤ ፎርማው የሚነካው ጎኑን ሳይሆን ሆዱን በአንዲት ቀጭን መስመር ብቻ ነው። ክሪኩ ሲገፋ ቱቦው ጎኖቹን ወደዚያ ባዶ ቦታ ዘርግቶ ይጨፈለቃል። በዚህ ጊዜ ሠራተኛው የሚሰጠው ፍርድ የታወቀ ነው፤ ብረቱ ጥራት የለውም፣ ወይም ማሽኑ አቅም የለውም። 16 ቶን ያለው ቢያመጣም ግን ያው ይጨፈልቀዋል።

በዚያው የቧንቧ ማጠፊያ ስንት ፖርቶመጋላ ተሠርቶ ስንት ዓመት አገልግሏል ብሎ የሚሞግት አይጠፋም። አገልግሏል። ምክንያቱ ግን የውሃው ቱቦ ውፍረት ነው፤ መካከለኛው ዓይነት አንድ ተኩል ኢንች ግድግዳው 3.2 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ ለስህተት ይቅርታ ያደርጋል። የይቅርታው ዋጋ ክብደት ነው። ይህ ቱቦ በሜትር 3.56 ኪሎ ይመዝናል፤ 1.5 ሚሊ ሜትር ግድግዳ ያለው 38.1 ቱቦላሬ 1.35 ኪሎ ገደማ ነው። 15 ሜትር ብረት በሚፈጅ ፖርቶመጋላ ላይ ልዩነቱ 53 ኪሎና 20 ኪሎ ይሆናል፤ ያውም ጣሪያ ላይ፣ መኪና በሚያዘነብልበት ቦታ። እርግጥ ሁለቱ በጥንካሬ እኩል አይደሉም፤ ወፍራሙ ይበልጣል። ሻንጣና ፍራሽ ለሚሸከም ክፈፍ ግን ያ ትርፍ ጥንካሬ ያለ ሥራ ነዳጅ ይበላል። ወፍራም የውሃ ቱቦ ብቻ ለመሥራት የቆረጠ ሰው የቧንቧ ማጠፊያውን ይግዛ፤ ለእሱ ትክክለኛው ዕቃ ነው።

ሌላው መልስ ማጠፍን ጨርሶ መተው ነው፤ በ45 ዲግሪ ቆርጦ መበየድ። ለአጥርና ለበር አራት ማዕዘን ቱቦላሬ እንዲህ ተሠርቶ የሚነቀፍበት ነገር የለም፣ የሚቆም ነገር ነው። ወደ ጨንቻ በሚወጣ መኪና ላይ የተገጠመ ክፈፍ ግን በየሰከንዱ ይንቀጠቀጣል። የድካም ስንጥቅ የሚጀምረው ብየዳው ከብረቱ ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ ላይ ነው፤ የታጠፈ ቱቦ በማዕዘኑ ላይ ያ ጠርዝ የለውም። ታጥፎም ቢሆን የሚከፈል ነገር አለ። 38 ሚሊ ሜትር ቱቦ በ114 ሚሊ ሜትር ራዲየስ፣ ማለትም በስፋቱ ሦስት እጥፍ፣ ሲታጠፍ የውጭ ጎኑ በስድስተኛ ያህል ይለጠጣል፤ 1.5 የነበረው ግድግዳ እዚያ ቦታ ወደ 1.3 ሚሊ ሜትር ይሳሳል። ራዲየሱን ከዚህ ማሳጠር የሚፈልግ ሰው ከውስጥ ገብቶ የሚደግፍ ብረት ያስፈልገዋል፤ ያ ደግሞ የጓሮ ሥራ አይደለም።

ስለዚህ ለግቢ ሥራ የሚመረጠው ማጠፊያ ቱቦውን መሐሉ ላይ የሚገፋው ሳይሆን ጫፉን ጨብጦ በሚሽከረከር ፎርማ ዙሪያ የሚስበው ዓይነት ነው። ፎርማው ግማሹን ክብ ይይዛል፤ ከጀርባ የሚከተለው ጎድጓዳ ቁራጭ ሌላውን ግማሽ ያቅፋል፤ ቱቦው የሚጨፈለቅበት ቦታ አያገኝም። ጉልበቱ በረጅም ዘንግና በሰው ትከሻም ይገኛል። ውድ የሆነው ፎርማው ነው፤ ለእያንዳንዱ የቱቦ ስፋት አንድ ያስፈልገዋልና። ዋናው ተቃውሞ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው፤ አምስት ፎርማ የሚገዛ ገንዘብ ማን አለው? አምስት መግዛት ግን ግዴታ አይደለም። ቶርኖ ያለው ማንኛውም ወርክሾፕ ልኩ ከተሰጠው አንዱን ከድፍን ብረት ያወጣል፤ ቀጭን ቱቦ ለጥቂት ጊዜ ለማጠፍ ከወይራ የተጠረበም ይበቃል። ከዚያ ሥራውን ሁሉ፣ ሸራ መወጠሪያውንም ፖርቶመጋላውንም፣ በዚያ በአንድ ስፋት መንደፍ ነው። ወደ ቶርኖ ቤቱ ሲሄዱ የቱቦውን ቁራጭ ይዞ መሄድ፣ የውጭ ስፋቱን በካሊፐር ማስለካት፣ ጉድጓዱም የዚያን ስፋት ግማሽ ያህል ጠልቆ ጎኖቹን ሳያላላ እንዲይዝ ማዘዝ ያስፈልጋል። ብረት ሲለቀቅ ጥቂት ዲግሪ ስለሚመለስም 90 ዲግሪ ለማግኘት ከ90 ትንሽ አሳልፎ ማጠፍና ያንን ልክ ፎርማው ላይ በኖራ ምልክት ማድረግ ነው።