ተኝተው አልነበረም

በቆጂ ልጆች ሳለን ሰፈራችን አንድ አባባ ነበሩ። እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ሲራመዱ እግራቸውን ይጎትታሉ። ጨዋታ መሀል ዓይናቸው ይከደንና አልከፈት ይላል። ያኔ ጣታቸውን ቅንድባቸው ላይ ጫን አድርገው ነበር የሚያዩን። እኛ «ተኙ!» ብለን እንስቃለን። ከትልልቆቹ ገሚሱ ትራኮማ ነው ይላል፣ ገሚሱ ቡዳ።

ወዳጆቼ፣ የተሳሳትነው እኛ ብቻ አይደለንም። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።) ፈረንሳዊው ሐኪም ሄንሪ ሜዥ ዓይንና ፊት ያለ ፈቃድ የሚኮማተርበትን ሕመም በ1910 ጽፎ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ለአሥርት ዓመታት ብዙ ሕመምተኞች «ጭንቀት ነው» እየተባሉ ወደ አእምሮ ሐኪም ተልከዋል። በ1965 ጎልድስታይንና ኮጋን የተባሉ አሜሪካውያን የዓይን ቆብ ሽባ ሳይሆን አልከፈት የሚልበትን ሁኔታ ለብቻው ገለጹ። በ1976 ደግሞ እንግሊዛዊው ማርስደን የሜዥ ዓይነቱ መኮማተር ምንጩ አንጎል እንጂ ጠባይ አለመሆኑን ተከራከረ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፓርኪንሰንና መሰል ሕመሞች ባሉባቸው አንዳንድ ሰዎች ቆብ የሚያነሳው ጡንቻ ትእዛዙ ቶሎ አይደርሰውም፤ ወይም የሚከድነው ጡንቻ አልለቅም ይላል። በበቆጂኛ ልንገራችሁ፦ ሯጩ ጉልበት አለው፣ መነሻው ላይ ቆሟል፣ ፊሽካው ግን አልተነፋም። ቅንድብን ወይም ግንባርን መንካት ለአንዳንዶች ይከፍትላቸዋል። ለካ የአባባ ጣት ራሳቸው ያገኙት መላ ነበር!

በ1989 አሜሪካ ቦቱሊነም የተባለውን መርዝ ለዓይን ቆብ መኮማተር መድኃኒትነት ፈቀደች። በጥቂቱ ሲወጋ ጡንቻውን ለሦስት ወር ገደማ ያላላል።

በአገራችንም ፕሮፌሰር ረዳ ተክለሃይማኖትና ባልደረቦቻቸው በገጠር ቤት ለቤት ዞረው ከ60,000 በላይ ሰው አጥንተዋል። በ1990 ባሳተሙት ውጤት ፓርኪንሰን ያገኙት ከ100,000 ሰው በ7ቱ ላይ ነበር። የነርቭ ስፔሻሊስቶች ሥልጠና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው ግን በ2006 ነው። የኛ አባባ በዘመናቸው ማን ዘንድ ይሂዱ?

ዛሬ ግን መሄጃ አለ። አጠገባችሁ ዓይናቸው አልከፈት የሚላቸው አዛውንት ካሉ የዓይን ሐኪም ብቻ አይበቃም፤ የነርቭ ሐኪምም ይያቸው። እስከዚያው «ተኙ» ብላችሁ አትለፏቸው። እየሰሟችሁ ነው።