በሥራ ቦታ በኤሌክትሪክ ገመድ ሳቢያ የሚደርስ አደጋና መከላከያው

በሥራ ቦታ የሚገኙ የኤሌክትሪክ ገመዶች ሲረገጡ፣ ሲታጠፉና ሲጎተቱ ሽፋናቸው ይላጣል፤ ሽቦውም ይጋለጣል። በአገራችን በስፋት የሚሠራበት የ220 ቮልት ኃይል ሰውን ሊገድል ይችላል። 10 ሚሊ አምፔር ገደማ በእጅ ሲያልፍ ጡንቻ ስለሚኮማተር ተጎጂው የያዘውን ገመድ መልቀቅ ይሳነዋል፤ መጠኑ ሲጨምር የልብ ምት ይዛባል። እርጥብ ወለልና ላብ አደጋውን ያባብሳሉ።

የመከላከያ እርምጃዎች

• ገመድ ከሥራ በፊት ይፈተሽ፤ የተላጠው በናስትሮ ከመጠቅለል ይልቅ በአዲስ ይተካ።
• ገመድ ውኃ ካለበትና ተሽከርካሪ ከሚያልፍበት ቦታ ይራቅ።
• መሰኪያን ለመንቀል ገመዱ አይጎተት።

አደጋ ሲደርስ

በቅድሚያ ኃይሉ ከማቋረጫው ይጥፋ። ይህ ሳይደረግ ተጎጂውን መንካት ለመርዳት የቀረበውንም ሰው ለሞት ሊዳርግ ይችላል። ተጎጂው የማይተነፍስ ከሆነ የሠለጠነ ሰው የመጀመሪያ ሕክምና ዕርዳታ ወዲያውኑ ይስጠው፤ ጉዳቱ ቀላል ቢመስልም በሐኪም ይታይ።

ኃላፊነት

የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኞችን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ፣ ሠራተኛውም በመሣሪያዎች ላይ ያየውን ጉድለት ለአሠሪው ወዲያውኑ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል።