የዝንጅብል ኃይልና የብልቃጡ መርዝ

በዛሬው የጤና ዝግጅታችን የምናነሳው በየቤታችን የማይጠፋውን ዝንጅብልን ነው። ጉንፋን ሲይዘን በሻይ አፍልተን እንጠጣዋለን፤ ሆዳችንን ሲነፋን እናኝከዋለን፤ በርበሬ ሲዘጋጅም አብሮ ይገባል። ለመሆኑ ምላስን የሚያቃጥለው ምኑ ነው? ይህን ለማወቅ የተደረገው ምርመራ ረጅም ታሪክ አለው። ከታሪኩም ለእኛ የሚጠቅም ትምህርት እናገኛለን። ዘመናቱን የምንጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዝንጅብል ከጥንት ጀምሮ በእስያ ሲበቅል የኖረና በነጋዴዎች አማካይነት ወደ ሌላው ዓለም የተዳረሰ ተክል ነው። ከ1,900 ዓመታት በፊት የኖረው ግሪካዊው ሐኪም ዲዮስቆሪዴስ ሰውነትን እንደሚያሞቅና ለሆድ እንደሚስማማ ጽፎ ነበር። ይሁን እንጂ ኃይሉ ከምን እንደሚመጣ ሳይታወቅ ብዙ ዘመን አለፈ።

በ1879 ትሬሽ የተባለ እንግሊዛዊ የመድኃኒት ባለሙያ የሚያቃጥለውን ነገር ከሥሩ ለይቶ በማውጣት «ጂንጀሮል» ብሎ ሰየመው። በ1917 ደግሞ ጃፓናዊው ኖሙራ «ዚንጀሮን» የተባለውን ሌላ ንጥረ ነገር ማግኘቱን አስታወቀ። «ሾጋኦል» የሚባለውም ስሙን ያገኘው ዝንጅብል በጃፓንኛ ከሚጠራበት ቃል ነው። እነዚህ ንጥረ ነገሮች ዘመዳሞች ናቸው። በእርጥቡ ዝንጅብል ውስጥ የሚበዛው ጂንጀሮል ነው። ሥሩ ሲደርቅ ጂንጀሮሉ ከፊሉ ውኃ አጥቶ ወደ ሾጋኦል ይለወጣል። ሾጋኦል ይበልጥ ስለሚያቃጥል ነው ደረቅ ዝንጅብል ከእርጥቡ የሚበረታው። ዝንጅብል ሲበስል የሚወጣው ዚንጀሮን ግን ለስለስ ያለ ነው።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር። ከ1920 እስከ 1933 በዚያ አገር መጠጥ መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ነበር። በአልኮል የተዘፈዘፈ ዝንጅብል ግን መድኃኒት ነው ተብሎ በትናንሽ ብልቃጥ ይሸጥ ነበር። ብዙ ድሆች ይህንን በመጠጥ ምትክ ይጠጡ ጀመር። መንግሥት እንደ መጠጥ እንዳይጠጣ ብሎ በውስጡ ብዙ ዝንጅብል እንዲኖር አዘዘ። ተቆጣጣሪዎች አልኮሉን አትንነው የሚቀረውን ዝቃጭ ይመዝኑ ነበር። ክብደቱን እንጂ ምንነቱን አይመረምሩም። ይህን ያወቁ አጭበርባሪ ነጋዴዎች ዝንጅብሉን ቀንሰው፣ ሚዛን የሚያነሳ ነገር ግን ጣዕም የሌለው የፋብሪካ ኬሚካል ቀላቀሉበት።

በ1930 መጀመሪያ ላይ ጉዳቱ ታየ። የጠጡት ሰዎች በመጀመሪያ ባታቸውን አመማቸው፤ ከቀናት በኋላ እግራቸውን ማንሳት አቃታቸው፤ የብዙዎቹም እጅ ዛለ። የተጎዱት በአሥር ሺዎች እንደሚቆጠሩ ተገምቷል። ብዙዎቹም እንደ ቀድሟቸው ሳይሆኑ ቀሩ። በመንግሥት ላቦራቶሪ የሚሠሩት ስሚዝና ኤልቮቭ ብልቃጡን ሲመረምሩ፣ ፕላስቲክ ነክ ነገሮችን ለማለስለስ የሚያገለግል ትራይ ኦርቶ ክሬዚል ፎስፌት የተባለ መርዝ አገኙ። ያው መርዝ በ1959 በሞሮኮ ከምግብ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ተሸጠና ወደ 10,000 የሚጠጉ ሰዎችን ሽባ አደረገ።

አድማጮቻችን፣ ሰዎቹን የጎዳቸው ዝንጅብሉ አልነበረም። የጎዳቸው በዝንጅብል ስም የተሸጠው ነው። እኛም በገበያ «ለሁሉም በሽታ ፍቱን» እየተባለ በጠርሙስ የሚዞር፣ ማን እንደሠራው የማይታወቅ ነገር ያጋጥመናል። ሽታው የዝንጅብል ስለሆነ ብቻ አንመነው። ዝንጅብል የሚያስፈልገን ከሆነ ሥሩን ራሱን እንግዛ፤ በንጹሕ ውኃ አጥበን፣ በቤታችን ወቅጠን ወይም ከትፈን እናፍላው። ዘይትም ስንገዛ መያዣው የታሸገ መሆኑን እንይ።

ዝንጅብል ምን ያደርጋል ለሚለው፣ ማቅለሽለሽን እንደሚያስታግስ በጥናት ታይቷል። ወባን፣ የሳንባ ምችንና ኮሌራን ግን አያድንም። ልጅ ሲያተኩሰው ወይም ትንፋሹ ሲፈጥን «ዝንጅብል አጠጥቼ ልየው» ብሎ ማሳደር ሕይወት ያስከፍላል፤ ወዲያውኑ ወደ ክሊኒክ ይወሰድ። ለተቅማጥ የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ነው። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስዱና ነፍሰ ጡር እናቶች ዝንጅብል ከማብዛታቸው በፊት የጤና ባለሙያ ያማክሩ።

ይህን ጽሑፍ ማንበብ ለማይችሉ ጎረቤቶቻችሁ አንብቡላቸው።