ገል የፈረደበት ሰው

በእንግሊዝኛ ቋንቋ «ኦስትራሲዝም» የሚባል ቃል አለ። የዛሬው ትርጓሜው አንድን ሰው ከማኅበር ማግለል፤ ሰላምታና ጨዋታ መንሳት ነው። የቃሉን ሥር ብንመረምር ግን የምናገኘው ኩርፊያን ሳይሆን ሕግን ነው።

ሥሩ «ኦስትራኮን» የሚለው የጥንት ግሪክ ቃል ሲሆን ፍችው ገል፤ በግዕዝ ገልዕ ማለት ነው። «ማግለል» የሚለው ቃላችን በድምፅ ቢመስለውም የመጣው ገለል ከማለት ስለ ሆነ፤ ተማሪዎች ሁለቱን እንዳያዛምዱ እናሳስባለን።

ሕጉን በአቴና የደነገገው ክሊስቴኔስ ነው ይባላል። የአቴና ሕዝብ ግፈኛ ገዥ እንዳይነሣበት ይፈራ ስለ ነበረ፤ በየዓመቱ ተሰብስቦ «ዘንድሮ የሚሰደድ ሰው ይኑርን?» ተብሎ ይጠየቃል። ይሁን ካለ፤ ከሁለት ወር ያህል በኋላ እያንዳንዱ ዜጋ ያሰጋኛል የሚለውን ሰው ስም በገል ላይ ጭሮ በአደባባይ ያስረክባል። የገሉ ቍጥር ከ6,000 ካላነሰ፤ ስሙ የበዛበት ሰው በ10 ቀን ውስጥ ወጥቶ 10 ዓመት በስደት ይቀመጣል። ነገር ግን ርስቱ አይወረስም፤ ዜግነቱም አይሻርም። በዚህ ሕግ መጀመሪያ የተሰደደው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ487 ዓመት ሂጳርኮስ ነው።

ሕጉ ግን ከቅናትና ከተንኮል አልዳነም። ፕሉታርክ እንደ ጻፈው፤ በ482 አንድ ፊደል ያልቈጠረ ገበሬ አሪስቲዴስን ሳያውቀው «አሪስቲዴስ ብለህ ጻፍልኝ» አለው። ምን በደለህ ቢለው፤ ጻድቁ ጻድቁ ሲሉት መስማት ሰለቸኝ አለ። አሪስቲዴስም ዝም ብሎ የራሱን ስም ጻፈለት። ሁለት ዓመት ቈይቶ የፋርስ ጦር በመጣ ጊዜ ግን አገሩ መልሳ ጠራችው። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1937 ደግሞ የቴሚስቶክሌስ ስም ያለባቸው 190 ያህል ገሎች በአንድ ጕድጓድ ተገኙ። ጽሕፈቱ የ14 ያህል ሰዎች እጅ ብቻ ስለ ሆነ፤ ጠላቶቹ አስቀድመው ለማደል ያዘጋጁት መሆኑ ይገመታል።

ቃሉ በ16ኛው መቶ ዓመት ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ስሙን ይዞ ሕጉን ጣለ። በገል የተሰደደ ሰው ስንት ድምፅ እንደ ፈረደበትና መቼ እንደሚመለስ ያውቅ ነበር። ዛሬ በመሥሪያ ቤት ወይም በትምህርት ቤት በዝምታ የሚገለል ሰው ግን ቈጣሪም፤ ቀነ ቀጠሮም የለውም። ስለዚህ ባልንጀራችንን ከመካከላችን ከማራቃችን በፊት፤ ስማችንን ገልጠን ልንፈርድበት የምንደፍር መሆናችንን ራሳችንን እንጠይቅ።