ሐሳብን መጠበቅና ራስን ማወቅ፦ ከግብፅ በረሃ እስከ መጻሕፍተ መነኮሳት

በክርስትና ሕይወት ሐሳብ ኃይል እንዳለው የሚክድ የለም፤ ክርክሩ ኃይሉ የት እንዳለ ነው። ዛሬ በየመድረኩ የሚደጋገም አንድ ትምህርት አለ፤ ሰው መልካሙን በልቡ ከሣለ መልካሙ ራሱ ወደ እርሱ ይመጣል የሚል። የጥንቶቹ የግብፅ መነኮሳት መንገድ ከዚህ የራቀ ነው። ለእነርሱ የሐሳብ ኃይል ያለው ሰው ለመጣበት ሐሳብ እሺ በሚልባት ቅጽበት ነው፤ ትሕትናም ያችን ቅጽበት ራስን ሳይዋሹ ማየት ነው።

ይህን ትምህርት በሥርዓት ከጻፉት ቀደምት አባቶች ዋነኛው ኤቫግሪዮስ ነው። እ.ኤ.አ. በ345 ገደማ በጶንጦስ ተወለደ፤ ከቅዱስ ባስልዮስ አናጉንስጢስነትን፣ ከጎርጎርዮስ ነባቤ መለኮት ዲቁናን ተቀበለ። በቁስጥንጥንያ በአንደበቱ እየተደነቀ ሳለ በአንድ ባለሥልጣን ሚስት ፍቅር ተያዘ። ከተማዋን ጥሎ ወደ ኢየሩሳሌም ሸሸ፤ እዚያም ሕመም ጣለው። በደብረ ዘይት ገዳም የመሠረተችው ሜላንያ ሕመሙ የሥጋ ብቻ እንዳልሆነ ስለ ጠረጠረች በልቡ የያዘውን አውጥቶ እንዲነግራት አደረገችው። ከዚያ ወደ ግብፅ ወርዶ በኒጥርያ፣ ኋላም በኬልያ በረሃ መጽሐፍ እየገለበጠ ሲኖር በ399 ዐረፈ። ስለ ሐሳብ የጻፈው ሰው መጀመሪያ በሐሳቡ የተሸነፈ፣ ከዚያም ለሌላ ሰው ተናግሮ የዳነ መሆኑ ለትምህርቱ ቁልፍ ይመስለኛል።

ኤቫግሪዮስ ስምንት ሐሳቦችን ቆጥሯል፤ ሆዳምነት፣ ዝሙት፣ ፍቅረ ንዋይ፣ ሐዘን፣ ቁጣ፣ መታከት፣ ውዳሴ ከንቱና ትዕቢት። በምዕራቡ ዓለም ኋላ ሰባቱ ዋና ኃጢአቶች የተባሉት ከዚህ ዝርዝር የወጡ ናቸው። በእርሱ ዘንድ ግን ሰው እስኪቀበላቸው ድረስ ገና ኃጢአት አይደሉም። ሐሳብ እንዳይመጣብን ማድረግ በእጃችን አይደለም፤ መጥቶ ይቆይ ወይስ ይሂድ የሚለው ግን በእኛ ነው ይላል። በጸሎት መካከል ክፉ ነገር ትዝ ስላለው ብቻ ራሱን የኮነነ ምእመን ይህን ቢሰማ ምንኛ ባረፈ ነበር!

ስለዚህ መነኩሴው ሐሳቡን ከማባረሩ በፊት እንዲያጠናው ይመክራል፤ የቱ እንደሚበረታ፣ መቼ እንደሚመጣ፣ የቱ የቱን እንደሚያስከትል። የመታከት ሐሳብ ለምሳሌ ከአራት ሰዓት እስከ ስምንት ሰዓት ይበረታል፤ አቆጣጠሩ ዛሬም የእኛው ነው። ፀሐይ የቆመች ትመስላለች። መነኩሴው በመስኮት ያያል፤ የመብል ጊዜ ለሆነው ዘጠኝ ሰዓት ምን ያህል እንደ ቀረው ይለካል። ቀጥሎ ወንድሞቹ ፍቅር የጎደላቸው ሆነው ይታዩታል፤ ሌላ ገዳም ቢሄድ እንደሚሻለው ያስባል። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት የቆየ ሰው ይህን ለማመን ማስረጃ አይፈልግም። በወንድሞቹ ላይ የሰጠው ፍርድ ከድካሙና ከረኀቡ እንደ መጣ ያወቀ ሰው ፍርዱን ይጠረጥራል፤ ሐሳቡም ጉልበቱን ያጣል።

ከስምንቱ ሁሉ የከፉት የመጨረሻዎቹ ሁለቱ፣ ውዳሴ ከንቱና ትዕቢት፣ ናቸው፤ ሌሎቹ ሲሸነፉ ይነሣሉና። ትሕትናን እንኳ ይለብሳሉ። መነኩሴው ዮሐንስ ካስያን ስለ ግብፃዊው ሽማግሌ ስለ አባ ሰራፕዮን የጻፈው ታሪክ ይህን ያሳያል። አንድ እንግዳ መነኩሴ ወደ ሰራፕዮን ይመጣል። ጸልይ ቢሉት ይህን አየር እንኳ ለመተንፈስ የማልበቃ ኃጢአተኛ ነኝ ብሎ እንቢ ይላል፤ እግርህን እንጠብህ ሲሉትም አይፈቅድም። ከማዕድ በኋላ ሽማግሌው በየቦታው ከመዞር በበኣትህ ተቀምጠህ በእጅህ ሥራ ብትኖር ይበጅሃል ብለው በፍቅር መከሩት። የእንግዳው ፊት በቁጣ ተለዋወጠ። አባ ሰራፕዮንም፣ ልጄ፣ ራስህን በዚህ ሁሉ ኃጢአት ስትከስስ ቆይተህ ይህችን ቀላል ምክር ስለ ምን መሸከም አቃተህ አሉት። ራስን መስደብ ራስን ማወቅ አይደለም። ሰውየው ስለ ራሱ ብዙ ክፉ ነገር ተናገረ፤ በልቡ የተቀመጠውን የመመስገን ምኞት ግን አላየውም ነበር።

የኤቫግሪዮስ ስም በ553ቱ የቁስጥንጥንያ ጉባኤ ከተወገዘ በኋላ የግሪክ መጻሕፍቱ አንዳንዶቹ በሌላ ሰው ስም ተደብቀው ኖሩ፤ በሶርያ ቋንቋ ግን መነበባቸው አልቆመም። ካነበቡት አንዱ በዛሬዋ ቀጠር አካባቢ የተወለደውና በሰባተኛው መቶ ዓመት የነነዌ ጳጳስ ሆኖ ከወራት በኋላ መንበሩን የተወው ማር ይስሐቅ ነው። የማር ይስሐቅ መጽሐፍ በዐረብኛ በኩል ወደ ግእዝ ተመልሶ ከፊልክስዩስና ከአረጋዊ መንፈሳዊ መጻሕፍት ጋር መጻሕፍተ መነኮሳት ተብሎ በጉባኤ ቤት ይተረጐማል። የምሥራቅ ሶርያ አባት በተዋሕዶ ገዳማት መምህር ሆነ ማለት ነው። እርሱም ኃጢአቱን ያየ ሰው በጸሎቱ ሙት ከሚያስነሣ ይበልጣል ብሎ ያስተምራል።

መጻሕፍቱ የተጻፉት ለመነኮሳት ቢሆንም ትምህርቱ በገዳም አጥር አይቀርም። ቤተ ክርስቲያናችን ኃጢአት በኀልዮ፣ በነቢብና በገቢር ይሠራል ትላለች፤ በኑዛዜያችን ግን ብዙ ጊዜ የሚነገረው የተሠራውና የተነገረው ነው። ኀልዮ፣ ማለትም ቀን ከቀን ልባችን ውስጥ የሚመላለሰው፣ ሳይነገር ይቀራል። ሜላንያ ኤቫግሪዮስን የጠየቀችው ስለዚያ ነበር፤ የንስሐ አባትም ምን አደረግህ ከማለታቸው በፊት ምን ይመላለስብሃል ብለው ቢጠይቁ ብዙ ነገር ገና ሥራ ሳይሆን ይደረስበታል።