ቤት ለእንግዳና ቤት ለነዋሪ
(የጉለሌ ታሪክ እንደ ምሳሌ)

የአገራችን ሰው ወደ ሌላው ቤት ሲገባ «ቤት ለእንቦሳ» ይላል፤ ባለቤቱም «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ ይቀበለዋል። ይህ ሰላምታ ከአፍ ሲወጣ ቀላል ይመስላል እንጂ ትርጓሜው ጥልቅ ነው። እንቦሳ የሚታሰርበት ቤት ላም ያለበት፥ ልጅ የሚያድግበት፥ ጭሱ የማይቋረጥ ቤት ነውና፤ መጪው ለቤቱ የሚመኝለት መርጋትን ነው። እንግዳም በመልካም ፊት የሚስተናገደው ቤቱ የረጋ እንደ ሆነ ነው። ዛሬ ግን በከተማችን ነገሩ ተገልብጦ፥ ነዋሪው ለእንግዳ ሲባል ቤቱን የሚለቅበት ጊዜ ደርሷል። ይህ እንዴት እንደ መጣ ለመረዳት የምኖርበትን የጉለሌን አካባቢ ምሳሌ አድርጌ ታሪኩን ባጭሩ አቀርባለሁ።

ጉለሌ የሚለው ስም ከተማይቱ ከመቆርቆሯ በፊት በስፍራው ይኖሩ ከነበሩት ከጉለሌ ኦሮሞዎች የተወረሰ ነው። በ1879 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ከፍልውሃ አጠገብ ቤት አሠርተው ስፍራውን አዲስ አበባ ብለው ከሰየሙት በኋላ፥ የዐፄ ምኒልክ መናገሻ ከእንጦጦ ተራራ ወደ ሜዳው ወረደ። ከተማይቱም የተመሠረተችው በሰፈር ነበር። እያንዳንዱ መኰንን ቦታ ተሰጥቶት በመካከል ሲቀመጥ፥ ወታደሩ፥ አሽከሩና ባለ እጁ በዙሪያው ጎጆውን ይቀልስ ነበር። በዚያ ዘመን ተራው ሰው መጠለያ የሚያገኘው ገንዘብ ከፍሎ ሳይሆን ለጌታው አገልግሎ ነው። ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች በሽሮ ሜዳና በአካባቢው፥ ሸክላ ሠሪዎችና ሌሎችም ባለ እጆች በቀጨኔ ተቀምጠው ከተማይቱን አለበሷት፥ ዕቃዋንም ሠሩላት።

የእንግዳ ማደሪያም ቢሆን ለጉለሌ አዲስ ነገር አይደለም። መሀል ከተማ እቴጌ ጣይቱ ያሠሩት ሆቴል የውጭ አገር ሰዎችን ሲቀበል፥ ወደ እንጦጦ ማርያምና ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ለጠበል የሚወጣው ሕመምተኛ ደግሞ በተራራው ሥር ክፍል ተከራይቶ ሳምንትም ወርም ይሰነብት ነበር፤ ይህ ልማድ እስከ ዛሬ አልቀረም። ነገር ግን የጠበልተኛው ኪራይ ነዋሪውን አያፈናቅልም ነበር። ምክንያቱም ጠበልተኛው የሚከፍለው በነዋሪው አቅም ልክ ነው፤ የሁለቱም ገንዘብ አንድ፥ ኑሯቸውም ተቀራራቢ ነበርና።

የእንግዳው ገንዘብ ከነዋሪው ገንዘብ ጎልቶ መለየት የጀመረው በኋላ ነው። በ1950 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በአዲስ አበባ ተቋቋመ፤ ግንቦት 17 ቀን 1955 ዓ.ም. ደግሞ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በዚህችው ከተማ ተመሠረተ። ከዚህ የተነሣ ዲፕሎማቱና የድርጅት ሠራተኛው በረከተ። መሬትና ገንዘብ የነበራቸው መኳንንትና ባለሥልጣኖችም ለእነዚህ እንግዶች የሚከራዩ ቪላዎችን አሠሩ። ሆኖም አብዛኛው የከተማው ሕዝብ የሚኖረው ባለርስቶች በሚያከራዩት የጭቃ ቤት ውስጥ ነበር። እንግዲህ ከተማይቱ በአንድ ዘመን ሁለት ዓይነት ኪራይ አበቀለች ማለት ነው፤ አንዱ የእንግዳ፥ ሁለተኛው የነዋሪ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 ይህን ሁሉ ባንድ ቀን ለወጠው። የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ፤ አንድ ቤተሰብ ከአንድ መኖሪያ ቤት በላይ እንዳይኖረው ተወሰነ፤ ግለሰብም ቤት እንዳያከራይ ተከለከለ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በታች የሆነው ቤቶች ለቀበሌ፥ ከዚያ በላይ የሆኑት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የድኻው ኪራይ እስከ ግማሽ ድረስ ስለ ተቀነሰ የብዙ ሰው ዕንባ ታበሰ። ነገር ግን እውነቱን መሸሸግ አይገባም፤ ከዚህ የሚሰበሰበው ገንዘብ ጣራ ለመጠገን እንኳ የሚበቃ አልነበረም። ግለሰቡ ለኪራይ እንዳይሠራ ተከልክሎ፥ መንግሥትም ለሕዝቡ ብዛት የሚበቃ ቤት ሳይሠራ ስለ ቀረ፥ በአንዱ የቀበሌ ቤት ውስጥ ልጅ፥ የልጅ ልጅና ደባል ተጨማምሮ መኖር ግድ ሆነ። ስለዚህ ኪራይን ዝቅ ማድረግ ብቻውን ቤት እንደማይወልድ ከዚያ ዘመን ተምረናል።

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ማከራየት እንደገና ተፈቀደ። በ1986 ዓ.ም. የከተማ ቦታ በሊዝ እንዲያዝ አዋጅ ወጣ። በ1990ዎቹ አጋማሽ የኮንዶሚኒየም ሥራ ተጀመረ፤ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ 10/90፥ 20/80 እና 40/60 በተባሉት መርሐ ግብሮች ሕዝቡ ተመዝግቦ መቆጠብ ያዘ። ሆኖም ዕጣ ጠባቂው ከሚሠራው ቤት እጅግ የበዛ ሆነ፤ ዕጣው ከደረሳቸውም መካከል ብዙዎች ቤቱን ለሌላ አከራዩት።

በዚህ ላይ አዲስ እንግዳ መጣ። በ2000 ዓ.ም. የሚሊኒየም በዓል፥ ቀጥሎም በ2014 ዓ.ም. ለገና በተደረገው አገራዊ ጥሪ፥ በውጭ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን በብዛት ወደ አገራቸው ገቡ። እነዚህ ወንድሞችና እኅቶች ከሆቴል ይልቅ ወጥ የሚሠሩበት፥ ዘመድ የሚቀበሉበት፥ ዕቃው የተሟላ ቤት ይመርጣሉ። በዚያም ላይ ኤርቢኤንቢን የመሰሉ፥ ቤትን በስልክ ለእንግዳ የሚያገናኙ ድርጅቶች በዓለም ተስፋፍተዋል። ይህ ድርጅት በአውሮፓ አቆጣጠር በ2007 ዓ.ም. በሳን ፍራንሲስኮ የተጠነሰሰው፥ ኪራያቸውን መክፈል የቸገራቸው ሁለት ተከራዮች ለእንግዳ ፍራሽ ባከራዩ ጊዜ መሆኑ የሚያስገርም ነው። የተከራይ ችግር የወለደው ሥራ ዞሮ ተከራይን አስቸገረ።

ይህን የምጽፈው ከወሬ ተነሥቼ ብቻ አይደለም። ከጥቂት ዓመታት በፊት በሽሮ ሜዳ በአንዲት ባልቴት ግቢ፥ በሰርቪስ ቤት ተከራይቼ እኖር ነበር። ጎረቤቴ ሸማኔ ነበር። የሸማኔ ቤት እንደ እኔ ቤት በሻንጣ የሚነሣ አይደለም፤ እግሩን አውርዶ የሚሠራበት ጉድጓድ በመሬቱ ተቆፍሮ፥ ዕቃው በላዩ ተተክሎ ነው ማግ የሚወረወረው። ገና ሊደርስ ሁለት ወር ሲቀረው ባለቤቲቱ ሁለታችንንም ጠሩን።

«ልጆቼ፥ አልጠላኋችሁም። ጡረታዬ ጤፍ አልገዛልኝ አለ እንጂ። ከውጭ የሚመጣው እንግዳ በሳምንት የሚሰጠኝን እናንተ በወር አትሰጡኝም» አሉን።

ጎረቤቴም «እማማ፥ ጉድጓዱንስ ምን ላድርገው?» ብሎ ጠየቃቸው።

እሳቸው ዝም አሉ። እኔ በሳምንቱ ሌላ ክፍል አገኘሁ። እሱ ግን ወለሉን ሊያስቆፍረው የሚፈቅድ አከራይ ፍለጋ ዞሮ ዞሮ፥ ለበዓል የታዘዘውን ጥበብ ሳያደርስ ቀረ፤ የወሰደውንም ቀብድ መለሰ።

በእኚህ እናት መፍረድ ቀላል አይደለም። በ2014 ዓ.ም. የአገራችን የዋጋ ንረት በዓመት ከ30 በመቶ በላይ ሲሆን፥ ጡረታቸው ባለበት ቆሞ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ደግሞ፥ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ይህን ጊዜ ዋጋው በዶላር የሚታሰበው የእንግዳ ክፍል በብር ሲመነዘር እጥፍ ሆነ፤ የመምህሩ፥ የጸሐፊውና የሸማኔው ገቢ ግን በብር ነውና አብሮ አልወጣም። ባለቤቱ ብሩ በእጁ እንዳይቀልጥበት ወደ እንግዳው ይሸሻል፤ ተከራዩ ግን የሚሸሽበት የለውም። የሁለቱም ጠላት አንድ ሲሆን ሁለቱ እርስ በርሳቸው ይካሰሳሉ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ለዚህ አንድ መልስ ነው። ውል በጽሑፍ ተደርጎ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር እንዳይበልጥ፥ ጭማሪም በዓመት አንድ ጊዜ በሚገለጸው ልክ ብቻ እንዲሆን ደንግጓል። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ለሳምንት እንግዳ የሚሰጥ ክፍል በጠባዩ የሁለት ዓመት ውል የሚጻፍለት አይደለምና፥ ነዋሪው በሕግ በተጠበቀ ቁጥር ከሕጉ መንገድ ወጥቶ ወደ እንግዳው መዞር ባለቤቱን ሊያጓጓው ይችላል።

በዚህ ችግር የምንጨነቅ እኛ ብቻ አይደለንም። የኒውዮርክ ከተማ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2023 ዓ.ም. ጀምሮ ቤቱን ከ30 ቀን ላነሰ ጊዜ የሚያከራይ ሰው እንዲመዘገብና ከእንግዳው ጋር በቤቱ እንዲገኝ አስገድዳለች። ባርሴሎና ደግሞ ወደ 10,000 የሚደርሰውን የእንግዳ ቤት ፈቃድ በአውሮፓ አቆጣጠር እስከ 2028 ዓ.ም. ድረስ እንደምታስቀር አስታውቃለች። እኛ ግን እንግዳችን ከራሳችን ወገን በመሆኑ፥ የሚያመጣውም ምንዛሪ ለአገር የሚጠቅም በመሆኑ፥ በሩን መዝጋት አይገባንም።

በእኔ አሳብ የኒውዮርኩ መንገድ ለእኛ ልማድ ይቀርባል። ባለቤቱ በሚኖርበት ግቢ አንድ ክፍል ለእንግዳ ቢሰጥ፥ ይህ የጥንት መስተንግዷችን ነውና ይፈቀድ፤ ይመዘገብ፥ ግብሩም ይከፈል። ማንም የማይኖርበት፥ ዓመቱን ሙሉ ለእንግዳ ብቻ የተቈለፈ ቤት ግን እንደ ሆቴል ተቈጥሮ የሆቴል ግብር ቢከፍል ፍትሕ ነው። ከሁሉ በላይ ግን ታሪኩ እንዳስተማረን፥ ቤት ሳይበዛ ኪራይ አይረጋም፤ የጡረተኛውም ገቢ ከኑሮው ጋር ካልሄደ ሕግ ብቻውን አያግደውም። ስለ ባለ እጆችም ሲታሰብ፥ ለሸማኔው የሚሠራው ቤት ፎቅ ብቻ ሳይሆን ጉድጓድ የሚቆፈርበት ምድር ቤት ያለው እንዲሆን ለከተማ ፕላን አዋቂዎች አሳስባለሁ።

እንግዳው በጥር ጥምቀትን አክብሮ፥ ጥበብ ገዝቶ ይመለሳል። ያንን ጥበብ የሚሠራው ሰው በሽሮ ሜዳ የሚኖርበት ቤት ካጣ፥ እንግዳው በሚመጣው ዓመት ምን ሊገዛ ይመጣል? ነዋሪው በቤቱ ረግቶ ሲኖር እንግዳውም ደስ ብሎት ያድራል። «ቤት ለእንቦሳ» የሚለው ሰላምታችንም መልስ የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው።