አየር መዛኝ

አማርኛ የዕቃን መጠን በአንድ ግስ አይጨርስም። ጨርቅ ይለካል፣ ጤፍ በቁና ይሰፈራል፣ ወርቅ ይመዘናል። ገበያ የለመደ ሰው ሦስቱን አያምታታም። "ስፈርልኝ" ያለ ደንበኛ በጣሳ፣ "መዝንልኝ" ያለ ደግሞ በኪሎ እንደሚፈልግ ሻጩ ሳይጠይቅ ይገባዋል። ጋራዥ ውስጥ ግን ከአየር ፊልትሮው ቀጥሎ በቱቦው ላይ የሚቀመጠውን ትንሽ ዕቃ ስንጠራ ይህን ሀብት ትተን "ኤርፍሎው ሴንሰር" ወይም ባጭሩ "ማፍ" እንላለን። እኔ የማቀርበው ስም አየር መዛኝ ነው። ስሙን ይዘን ሥራውን ከተከተልን፣ ያረጀ ፒክአፕ ዳገት ላይ አልጎትት ሲል መጀመሪያ የት ማየት እንዳለብን ስሙ ራሱ ይጠቁመናል።

"የአየር ፍሰት መለኪያ" የሚለውን ያልመረጥኩት ነገሩን ግማሽ ብቻ ስለሚናገር ነው። 1 ኪሎ ግራም ቤንዚን በወጉ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ግራም ገደማ አየር ይፈልጋል። ሒሳቡ በሊትር አይደለም፤ ኪሎ ለኪሎ ነው። ምን ያህል ነዳጅ እንደሚረጭ የሚወስነው ኮምፒውተር ማወቅ ያለበትም ወደ ሞተሩ የገባው አየር ስንት ግራም እንደሆነ ነው። የሳይንስ መጽሐፎቻችን ይህን "መጠነ ቁስ" ይሉታል። ቃሉ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ኮፈን ከፍቶ እጁ ዘይት በዘይት የሆነ ሰው "የመጠነ ቁስ መለኪያውን አቀብለኝ" ሲል አይታየኝም። "መዛኙን አቀብለኝ" ሲል ግን ይታየኛል።

መዛኝ ከመምጣቱ በፊት ሰፋሪ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ የተሠሩት 22አር-ኢ የሚባል ቤንዚን ሞተር ያላቸው የቶዮታ ፒክአፖች በአየር ቱቦው ውስጥ በስፕሪንግ የተያዘች ክዳን አለቻቸው። ሞተሩ አየር ሲስብ ክዳኗ ትገፋና ትከፈታለች፤ ስንት እንደተከፈተች ለኮምፒውተሩ ይነገራል። ይህ መስፈር ነው፤ በቁና እንደ መስፈር። ቁና ግን የሞላውን እንጂ የከበደውን አያውቅም። አየሩ ቀዝቅዞ ቢከብድ፣ ሞቆ ቢቀል፣ ተራራ ላይ ቢሳሳ ክዳኗ ብቻዋን ልዩነቱን አትደርስበትም፤ ስለዚህ የሙቀትና የከፍታ ማስተካከያ ከጎኗ ይጨመርላታል። ጀርመኖች የመጀመሪያውን ዓይነት "ሉፍትመንገንሜሰር"፣ ሁለተኛውን "ሉፍትማሰንሜሰር" ብለው ለይተውታል። እኛም ለመለየት አዲስ ቃል መቀፍቀፍ አያስፈልገንም፤ አየር ሰፋሪ እና አየር መዛኝ ብንል ልዩነቱ ከቤታችን ይገኛል።

አየርን ሚዛን ላይ ሳያወጡ እንዴት ይመዝኑታል? ትኩስ ሻይ ላይ እንደምናደርገው ነው፦ ነፋስ የነካው ትኩስ ነገር ይቀዘቅዛል። በሞንትሪያል የማክጊል ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ ሊቅ የነበረው ሉዊስ ቬሶት ኪንግ እ.ኤ.አ. በ1914 የጋለ ቀጭን ሽቦ በነፋስ ውስጥ ምን ያህል ሙቀት እንደሚያጣ በሒሳብ አሳየ። ይህን ዕውቀት የጀርመኑ ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ኤልኤች-ጄትሮኒክ ብሎ በሰየመው የነዳጅ መርጫ ሥርዓት መኪና ላይ አዋለው። ከፀጉር ጋር የሚወዳደር ቀጭን የፕላቲኒየም ሽቦ፣ በኋላም ስስ የጋለ ንጣፍ፣ ከሚገባው አየር በ100 ዲግሪና ከዚያ በላይ ሞቆ እንዲቆይ ይደረጋል። ብዙ አየር ሲያልፍ ሽቦው ሊቀዘቅዝ ይሞክራል፤ ሙቀቱን ለመጠበቅ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ ይገባለታል። ያ ተጨማሪ ኤሌክትሪክ የአየሩን ክብደት ይናገራል። ከባድ አየር ብዙ ሙቀት ይወስዳል፣ የሳሳ አየር ጥቂት። ሽቦው ከፍታውን ሳይጠይቅ ክብደቱን ያውቃል ማለት ነው።

ይህ ለእኛ አገር ተራ ነገር አይደለም። ጅቡቲ ወደብ ላይ በ30 ዲግሪ ሙቀት 1 ሜትር ኩብ አየር 1.16 ኪሎ ግራም ገደማ ይመዝናል። አዲስ አበባ፣ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር ከፍ ብላ፣ ያው ሜትር ኩብ በ20 ዲግሪ ከ1 ኪሎ ግራም በታች፣ 0.91 አካባቢ ነው። አሁን 2.7 ሊትር ቤንዚን ሞተር በደቂቃ 4,000 ጊዜ ሲዞር እናስብ። እያንዳንዱ ሲሊንደር የሚስበው በየሁለት ዙሩ አንዴ ስለሆነ በሴኮንድ 90 ሊትር አየር ይጠራል። ሲሊንደሮቹ ምንም ሳይጎድል ቢሞሉ ጅቡቲ ላይ ከ100 ግራም በላይ፣ አዲስ አበባ ላይ ከ80 ግራም ጥቂት ያለፈ ይሆናል። በተግባር ስለማይሞሉ ከሁለቱም ይቀንሳል። እንግዲህ በባሕር ወለል ላይ ከተጻፈ መመሪያ የተወሰደውን ቁጥር ይዞ ሽሮ ሜዳ የቆመን መኪና መዛኝ "ሞቷል" ብሎ መፍረድ ጤነኛ ዕቃ ማስጣል ነው። ከፍታው የወሰደውን አቅም ማንም በማጽዳት አይመልሰውም። የሚመለሰው ቆሻሻ የወሰደው ነው።

ቆሻሻው ከየት ይመጣል? ፊልትሮው በጊዜ ካልተቀየረ፣ ርካሽና ጠርዙ የማይገጥም ከሆነ፣ ወይም በጥርጊያ መንገድ ላይ አቧራው ከበዛ፣ ደቃቁ ያልፋል። ታጥበው ዘይት የሚቀቡ የጥጥ ፊልትሮዎች ዘይት ሲበዛባቸው ጭጋጉን ሽቦው ላይ ይለቁታል፤ አቧራው ዘይቱ ላይ ይጋገራል። የመጀመሪያዎቹ የሽቦ መዛኞች ይህን ያውቁ ነበር፦ ሞተር ሲጠፋ ሽቦውን ለአንድ ሴኮንድ ያህል 1,000 ዲግሪ አካባቢ አግለው ቆሻሻውን ያቃጥሉታል። በኋላ የመጡት አብዛኞቹ ይህ የላቸውም። ሽቦው ብርድ ልብስ ሲደረብለት ነፋሱ በደንብ አይነካውም፣ ሙቀቱን አያጣም፣ ስለዚህ አየሩን አሳንሶ ይመዝናል። ለዚህ ስሕተት ገበያችን ዝግጁ ቃል አለው፦ ያጎድላል። መዛኙ ሲያጎድል ኮምፒውተሩም ነዳጅ ያጎድላል።

እዚህ ላይ ብዙ ባለ መኪናዎችን የሚያደናግር ነገር አለ። መኪናው ሜዳ ላይ ደህና ይሄዳል፤ ዳገት ላይ ይሞታል። ምክንያቱ በቀስታ ሲነዳ ጭስ ማውጫው ላይ ያለው የኦክሲጅን ሴንሰር "ነዳጅ አንሷል" ብሎ ይናገራልና ኮምፒውተሩ ይጨምራል፤ ጉድለቱ ይሸፈናል። ነዳጅ እስከ መጨረሻው ሲረገጥ ግን ብዙ መኪናዎች ያን ምስክር መስማት ያቆማሉ። በመዛኙ ቃልና ቀድሞ በተማሩት ማስተካከያ ብቻ ይሠራሉ። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማ በር ሲወጣ ጭነት የያዘ ፒክአፕ በሁለተኛ ማርሽ የሚቀረው አንዳንዴ በዚህ ነው። ካንዴላ ይቀየራል፣ የነዳጅ ፓምፕ ይቀየራል፣ ገንዘብ ይወጣል፤ ሽቦው ግን እንደቆሸሸ ነው።

ማጽዳቱ ከባድ አይደለም፤ የሚጠይቀው ትዕግሥትና ገር እጅ ነው። ሞተሩ ይጠፋና ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ስፒናው ይነቀላል፤ ብዙውን ጊዜ ሁለት ብሎን ተፈትቶ መዛኙ ይወጣል። ለዚሁ የተሠራ መርጫ ቢገኝ ጥሩ ነው። ካልተገኘ ደግሞ ዝቃጭ የማይተውና ፕላስቲክ የማይጎዳ የኤሌክትሮኒክስ ማጽጃ ይሆናል። ከአንድ መዳፍ ርቀት እያቆራረጡ ሽቦውንና አጠገቡ ያለችውን የሙቀት መለኪያ ነጥብ አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ መርጨት ይበቃል። የካርቡሬተር ወይም የፍሬን ማጽጃ አይቅረበው፤ ፕላስቲኩንና ሽፋኑን ሊጎዳ ይችላል። ጥጥ፣ ጨርቅ፣ ብሩሽ፣ ጣት አይንካው። ከሁሉ በላይ የኮምፕረሰር ነፋስ አይነፋበት። ለምዶብን ሁሉን ነገር በነፋስ ስለምናጸዳ ብዙ ጤነኛ ሽቦ የተበጠሰው በዚህ ነው ብዬ አምናለሁ። ሳይደርቅ ስፒናው አይሰካ፤ ሩብ ሰዓት ይጠበቅ። እስኪደርቅ የፊልትሮ ቤቱን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎ አዲስ ፊልትሮ ማስገባት ይቻላል። በቆሸሸ ቤት የተመለሰ መዛኝ መልሶ ይቆሽሻል።

ተመሳሳይ ምልክት የሚያሳይ ሌላ ተጠርጣሪ አለ። ከመዛኙ በኋላ ያለው የጎማ ቱቦ ሲሰነጠቅ ሚዛን ላይ ሳይወጣ የሚገባ አየር ይኖራል። ይህን ያልተመዘነ አየር ብለን ልንጠራው እንችላለን። በሁለቱም ፒ0171 የሚለው የነዳጅ ማነስ ኮድ ሊወጣ ይችላል። ለመለየት ኮምፒውተሩ ስንት ነዳጅ እየጨመረ እንደሆነ በማንበቢያ መሣሪያ ይታይ። ጭማሪው በሚኒሞ ትልቅ ሆኖ ሞተሩ ሲፈጥን ከቀነሰ ቱቦው ይፈተሽ፤ ጭነት ሲበዛ ጭማሪውም ከበዛ ጥርጣሬው ወደ መዛኙ ይሄዳል። ነዳጅ ማጣሪያው ወይም ፓምፑ ደክሞ ከሆነም እንዲሁ ስለሚያሳይ የነዳጁ ግፊት ሳይለካ ፍርድ አይሰጥ።

ዲዝል ላይ ነገሩ ትንሽ ይለያል። 2ኤል፣ 3ኤል እና 5ኤል ሞተር ያላቸው የቆዩ ሃይሉክሶች ነዳጃቸውን የሚሰጠው ሜካኒካል ፓምፕ ስለሆነ አየር መዛኝ አያስፈልጋቸውም። እነሱ ላይ ሴንሰር ፍለጋ መግባት ጊዜ ማባከን ነው፤ ፊልትሮና ፓምፕ ይታይላቸው። በኮምፒውተር የሚሠሩት ኮመን ሬይል ዲዝሎች ግን ብዙዎቹ መዛኝ አላቸው። እዚያ ሥራው ጥቁር ጭስ እንዳይወጣ የነዳጁን ጣሪያ መወሰንና ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን የጭስ መጠን መቆጣጠር ነው። መዛኙ ሲያጎድል ኮምፒውተሩ "አየር የለም" ብሎ ነዳጁን ይቆርጣል፤ መኪናው ሳያጨስ ይደክማል።

ስያሜው ከተለመደ የሥራ ወረቀት ላይ የሚጻፈውም ይለወጣል። "ኤርፍሎው ችግር" ከሚል ይልቅ "አየር መዛኙ ያጎድል ነበር፤ ታጥቧል፤ ያልተመዘነ አየር የለም" ተብሎ ቢጻፍ፣ መኪናውን የሚረከበው ሰው ስለ ሞተር ምንም ባያውቅ እንኳ ምን እንደተሠራለት ያነብባል።